ጀምበሯን አይቶ ሰውን ፊት የነሳ ካሜራ

አንድ ሰው የሚያውቀውን ሰው መንገድ ላይ አይቶ እንዳላየ ሲያልፈው በአማርኛ «ፊት ነሳው» ይባላል። ስድብ የለበትም፣ ዱላ የለበትም፤ የተነሳው ሰው ግን ለዓመታት አይረሳውም። ካሜራም ፊት ይነሳል። ያውም በየቀኑ፣ አመሻሽ ላይ፣ ልብ የሚለው ሳይኖር።

ለምሳሌ ሐዋሳ። ከተማዋ የተቆረቆረችው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው። በዚህ የተነሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር የቆመ ሰው ጀምበር ከውሃው ማዶ ስትጠልቅ ፊት ለፊት ያያታል። ፎቶ የሚነሳው ደግሞ ለጀምበሯ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ሙሽሮቹም፣ ተመራቂዎቹም፣ ለቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ የወረዱት ጓደኛሞችም የሚፈልጉት ያችኑ ሰዓት ነው። ውጤቱ የታወቀ ነው፦ ሰማዩ ብርቱካን፣ ውሃው ወርቅ፣ ሰውየው ከሰል። ይለጠፋል፤ ላይክ ይጎርፋል። ከቆሙት ሁለት ወንዶች የትኛው ሙሽራ፣ የትኛው ሚዜ እንደሆነ ግን የወለደች እናት እንኳ በቁመት ካልሆነ አትለይም።

ለሙሽሮች ጉዳቱ ቀላል ነው። ሌላ ብዙ ፎቶ አላቸው፤ አንዱ ከሰል ቢሆን ለአልበሙ ማጣፈጫ ይሆናል። ነገሩ የሚከብደው ልማዱ ከሐይቅ ዳር ተነስቶ ወደ ዜና፣ ወደ ሪፖርትና ወደ ፖስተር ሲገባ ነው። ከቀዬው የተፈናቀለ ገበሬ፣ ከዓረብ አገር የተመለሰች ወጣት፣ ውሃ ቀድታ የምትመለስ እናት፣ ከብቱን ወደ በረት የሚነዳ ልጅ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነው ይቀርባሉ። ከኋላ ቀይ ሰማይ፣ ከፊት ጥቁር ቅርጽ። ጄሪካኑ ይታያል፤ ሴትየዋ አትታይም። የሚያነበውም ሰው ፎቶውን አይቶ «እንዴት ያምራል!» ይላል እንጂ «ምን ሆና ነው?» አይልም። መፈናቀል የሚያምር ነገር ሆኖ የቀረበበት ገጽ ላይ የጽሑፉ ሐዘን ብቻውን ምን ሊያደርግ ይችላል?

የዚህ ልማድ ትልቁ ማሳያ የአፋሩ የጨው ቅፍለት ነው። ወደ ዳሎል የወረደ ቱሪስት ሁሉ ይዞት መመለስ የሚፈልገው አንድ ፎቶ አለ። በጨው ሜዳው ላይ በረጅሙ የተሰለፉ ግመሎች፣ ከፊታቸው ገመድ የያዘ ሰው፣ ከኋላቸው የምትጠልቅ ጀምበር። ሜዳው ላይ ትንሽ ውሃ ካለ ደግሞ ሁሉም ተገልብጦ በድጋሚ ይታያል። ቆንጆ መሆኑን ማንም አይክድም። ግን ያ ገመድ የያዘው ሰው ዕድሜው 15 ነው ወይስ 60? ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለ፣ በዓለም እጅግ ሞቃት ከሚባሉት ቦታዎች በአንዱ የዋለ ሰው ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል? ዓይኑ ነጩ ሜዳ በሚያንጸባርቀው ብርሃን ቀልቷል? አሞሌውን አስጭኖ ወደ በርሃሌ የሚወስደውን መንገድ ሲጀምር ደክሞታል ወይስ ገና ብርቱ ነው? ፎቶው ለአንዱም መልስ የለውም። የግመሉ ሻኛ ግን ፍንትው ብሎ ይታያል።

ጥፋቱን ጀምበሯ ላይ መጫን አይቻልም። የሰው ዓይን ደማቁን ሰማይና የጠቆረውን ፊት እያፈራረቀ ያያል፤ አእምሮ ሁለቱን አንድ ላይ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ በቦታው ለቆመ ሰው ሁለቱም ግልጽ ናቸው። ካሜራ ግን በአንድ ጠቅታ አንድ የብርሃን ልክ ብቻ ነው የሚመርጠው። ልኩን የሚያወጣውም የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ነው። ሰማዩ አብዛኛውን ቦታ ስለያዘ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ሁሉንም ነገር ያጨልማል። ሰማዩ ያምራል፣ ፊቱ ይጠፋል። በስልክ ሲሆን ፊቱን በጣት ነክቶ «ይህን አሳይ» ማለት ይቻላል፤ ያኔ ፊቱ ይመጣና ሰማዩ እንደ ነጭ ወረቀት ባዶ ይሆናል። አዳዲሶቹ ስልኮች በአንድ ቅጽበት ብዙ ፎቶ አንስተው ያዋህዳሉ፤ ይረዳል። ሆኖም ከጨለማ በግድ ተጎትቶ የወጣ ፊት አመድ የተነፋበት ይመስላል። ስልክ ያልነበረ ብርሃን መፍጠር አይችልም፤ የነበረውን ያብጠረጥራል እንጂ።

የቀረው መንገድ ፊቱ ላይ ብርሃን መጨመር ነው። ፍላሽ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ፍላሽ የጨለማ መሣሪያ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ጀምበር እያበራች መተኮሱ በጠራራ ፀሐይ ባትሪ አብርቶ እንደመሄድ ይቆጠራል። የሚገርመው ግን ፍላሽ ይበልጥ የሚጠቅመው ልክ ያኔ መሆኑ ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነገሩን ማሳየት ብቻ ነው። አመሻሽ ላይ ግን ሰውየውን ከሰማዩ ጋር ያስታርቃል፤ አንዱን ለማየት ሌላውን መሠዋት ይቀራል።

ነገሩ የግዴለሽነት ብቻ ተደርጎ እንዳይወሰድ፣ ከኋላው ታሪክ አለው። ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለፎቶ ቤቶች የቀለም መለኪያ ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። ሸርሊ ካርድ የሚል ስም የወጣለትም መጀመሪያ ላይ በተነሳችው የኩባንያው ሠራተኛ ስም ነው። የፎቶ አጣቢው ሥራ የእሷ ቆዳ ትክክል እስኪመስል ድረስ ማስተካከል ነበር። የሌላው ሰው ቆዳ እንደፈለገ ይሁን። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮት ይህን ጉዳይ አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጽሑፍ እንዳስረዳችው፣ የፊልሙ ጥቁር ቀለሞችን የመለየት አቅም ከተሻሻለባቸው ምክንያቶች መካከል የቸኮሌት አምራቾችና የእንጨት ዕቃ ሻጮች ቅሬታ ይገኝበታል። ጥቁሩ ቸኮሌት ከነጣው አልለይ ብሏቸው፣ የአንዱ እንጨት ቀለም ከሌላው ጋር ተመሳስሎባቸው ነው። የጥቁር ተማሪዎች እናቶች በክፍል ፎቶ ላይ ልጆቻቸው ጥርስና ዓይን ብቻ ሆነው ሲወጡ የተሰማቸው ቅሬታ ያን ያህል ጉልበት አልነበረውም። የተለያየ ቆዳ ያላቸው ሰዎች ያሉበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። ጉግል ጥቁር ቆዳን በትክክል ያሳያል ያለውን «ሪል ቶን» በፒክስል 6 ስልኩ ላይ ያወጣውም በ2021 ነው። ትናንት ማለት ነው።

ይህ ታሪክ ከሐዋሳው ምሽት ጋር የሚገናኘው በቀላል ስሌት ነው። ነጣ ያለ ቆዳ ብዙ ብርሃን ይመልሳል፤ ስለዚህ ነጭ ሰው ከጀምበር ፊት ሲቆም ትንሽም ቢሆን ይተርፈዋል። ጠይሙና ጥቁሩ ግን ቀድመው ይጠፋሉ። አማርኛ ለሰው መልክ የሚሰስት ቋንቋ አይደለም። ቀይ አለ፣ ቀይ ዳማ አለ፣ ጠይም አለ፣ ጠቆር ያለ አለ፣ ጥቁር አለ። በከሰሉ ፎቶ ውስጥ ግን ሁሉም አንድ ናቸው። አውሮፓ ውስጥ የተጻፈ የፎቶ መማሪያ «ጀምበርን ከጀርባ አድርጋችሁ ጥላውን አንሱ» ሲል ለጥበብ ያለው ነው፤ እዚህ ሲደርስ ፊትን የመሰረዝ ልማድ ይሆናል።

ከካሜራ በፊት የነበሩት የአገሪቱ ሠዓሊዎች ደግሞ ይህን ችግር ገና ድሮ ፈትተውት ነበር። የጣና ገዳማትን የግድግዳ ሥዕሎች ያየ ሰው ያውቀዋል። ከቅዱሳኑ ጀርባ ብዙ ጊዜ ያለው ብጫ ወይም ቀይ መደብ ነው፤ ጀምበር የጠለቀችበትን ሰማይ ነው የሚመስለው። ከፊት ያለው ፊት ግን አንድም ጊዜ አይጨልምም። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት መላእክት ከዚያ ሁሉ ከፍታ ዓይናቸው ታች ላለው ሰው ይታያል። በዚህ ባህል ውስጥ የታወቀ ሕግም አለ፤ ደጉ ሰው ሙሉ ፊቱ ከነሁለት ዓይኑ ይሳላል፤ ክፉው፣ ጋኔኑም ሆነ ከሃዲው፣ በጎን ይሳላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። በዚህ ሕግ ከተለካ በጀምበር ፊት የጠቆረው ገበሬ ከይሁዳም ያነሰ ነው የተሰጠው። ይሁዳ እንኳ አንድ ዓይን አለው።

ፍላሽን የሚጠሉ ሰዎች ምክንያት የላቸውም ማለት አይደለም። የሚጠሉት አይተውት ነው። ካሜራው በራሱ ፈቃድ ሲተኩሰው ምን እንደሚመጣ በየቤቱ አልበም ውስጥ አለ። ግንባሩ ቅቤ እንደተቀባ የሚያብረቀርቅ አጎት፣ ዓይኑ ቀልቶ አውሬ የመሰለ ሕፃን፣ ከጀርባ እንደ ጎሽ የገዘፈ ጥላ፣ ሰማዩም ድራሹ የጠፋ። የሀበሻ ቀሚስ ሲጨመርበት ደግሞ ጉዱ ሌላ ነው። ነጭ ጥበብ የለበሰች ጠይም ሴት ለካሜራ ከሚከብዱት ነገሮች አንዷ ናት፤ ቀሚሱን ካዩ ፊቷ ይጨልማል፣ ፊቷን ካዩ ጥለቱ ሳይቀር ነጭ ብርሃን ሆኖ ይቀልጣል። ፍላሽ በግዴለሽነት ሲረጭበት ሁለቱንም ያበላሻል። ግን ወጥ ጨው በዛበት ተብሎ ጨው ከቤት አይጣልም።

አሠራሩ ያን ያህል የረቀቀ አይደለም። መጀመሪያ ሰው እንደሌለ ተቆጥሮ ለሰማዩ ብቻ ይለካል፤ ቀለሙ ጠለቅ፣ ጨለም ብሎ እንዲወጣ። ልዩ ቅንብር ከሌለው በቀር በአብዛኛው ካሜራ የሸተሩ ፍጥነት ከሰከንድ 1/200 ወይም 1/250 ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ፍላሹ የፎቶውን ከፊል ብቻ አብርቶ ከፊሉን ጥቁር ያደርገዋል። ከዚያ ሰውየው ይቆማል። ፍላሹ ካሜራው በፈለገው ጉልበት ሳይሆን አንሺው ቀነስ አድርጎ በሰጠው ጉልበት ይተኮሳል። ሸተሩን ማፍጠንና ማዘግየት ሰማዩን ያጨልማል ወይም ያፈካል፤ ፊቱን ግን አይነካም፤ የፍላሹ ብልጭታ ከሸተሩ እጅግ ያጠረ ነውና። ፊቱን የሚወስነው የፍላሹ ጉልበትና ርቀት ነው። ሁለቱ ለየብቻ እንደሚታዘዙ የገባው ሰው ከባዱን ጨርሷል።

ቀለሙ ይቀራል። የፍላሽ ብርሃን የእኩለ ቀን ዓይነት ነው፤ ነጭ፣ ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ። የጀምበር መጥለቂያው ደግሞ ብርቱካናማ። ሁለቱ እንዲሁ ሲገናኙ ፊቱ ከሌላ ቦታ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። «ፍላሽ ተፈጥሮን ይገድላል» የሚለው አቤቱታ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። መድኃኒቱ የፍላሹ አፍ ላይ የሚለጠፍ ብርቱካናማ ስስ ላስቲክ ነው። ይህን ያደረገና ፍላሹን ከካሜራው ነቅሎ በጎን በኩል ያስያዘ ሰው፣ ጠይም ፊት ምን እንደሆነ ያኔ ያያል። ጠቆር ያለ ቆዳ ከጎን የመጣ ብርሃን ሲያርፍበት ጉንጩን፣ ቅንድቡን፣ የአገጩን መስመር ለይቶ ያወጣል። ያ ከፊት ለፊት ሲተኮስ «ቅባት» ተብሎ የተጠላው ወዝ እዚህ ላይ ዋናው ውበት ነው።

ዋጋውስ? ይህም እውነተኛ ጥያቄ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ከተራ ባለሙያ አቅም ርቋል፤ ካሜራና ፍላሽም እንደዚያው። በነጻ ለሚሠራ ፎቶ አንሺ «ፍላሽ ግዛ» ማለት ቀላል ምክር አይደለም። ደግነቱ አመሻሽ ላይ የሚያስፈልገው ብርሃን ትንሽ ነው። ጀምበሯ ሙሉ በሙሉ እስክትጠልቅ ድረስ፣ ከሰውየው ፊት ለፊት የተያዘ ነጭ ነገር ሁሉ ብርሃኗን ወደ ፊቱ ይመልሳል። ፎም ይሁን፣ አንሶላ ይሁን፣ ፎይል የተለጠፈበት ካርቶን ይሁን። ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚቀርበው ደግሞ በየሰዉ ትከሻ ላይ አለ። ሁለት ሰው ወጠር አድርጎ የያዘው ነጠላ በገንዘብ ከሚገዛው ሪፍሌክተር ብዙም አያንስም፤ ብርሃኑንም ለስለስ አድርጎ ነው የሚመልሰው። ጀምበሯ ከጠለቀች በኋላ ግን ነጠላ የሚመልሰው ብርሃን አይኖረውም። ያኔ የጓደኛ ስልክ ባትሪ በሶፍት ተሸፍኖ፣ ከጎን፣ አንድ ሜትር ያህል ቀርቦ ቢበራ ፊት ያወጣል። ስልኩ የራሱን ፍላሽ ከፊት ለፊት ከሚረጭ ይህ በእጅጉ ይሻላል።

አንድ ሜትር የሚለው ቃል እዚህ ላይ ልብ ይባልልኝ የሚያሰኝ ነው፤ የጉዳዩ ቁም ነገር እሱ ውስጥ ነውና። ብርሃን ርቀት ሲጨምር በከባዱ ነው የሚቀንሰው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ሩብ ይሆናል፤ አራት እጥፍ ሲሆን አንድ አሥራ ስድስተኛ። መስከረም 16 ማታ መስቀል አደባባይ ደመራው ሲለኮስ ከሩቅ ደረጃ ላይ ሆነው በስልክ ፍላሽ የሚተኩሱት ሰዎች የሚያበሩት ደመራውን ሳይሆን ከፊታቸው የተቀመጠውን ሰው ማጅራት ነው። በሩቅ መነጽር፣ ከ200 ሜትር ላይ፣ መኪና ውስጥ እንደተቀመጡ ጄሪካን የተሸከመችን ሴት ከሰማዩ ጋር ማንሳት ይቻላል። እሷ ሳታውቅ። ፍላሽ ግን ይህን አይፈቅድም። ፊቷ እንዲበራ አንሺው ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ድረስ መቅረብ አለበት። ያን ያህል የቀረበ ሰው ደግሞ ባህሉም አይፈቅድለትምና ዝም ብሎ መተኮስ አይችልም። «እንደምን አመሹ እናቴ» ይላል። ከየት እንደመጣ ይጠየቃል። ፎቶው የት እንደሚወጣ ይጠየቃል። አልፈልግም ልትለውም ትችላለች፤ ያ መብቷ በሩቅ መነጽር ጊዜ አልነበረም።

በርግጥ ቅርበት ብቻውን ጨዋነት አይሆንም። የፍላሽ ታሪክ ራሱ ይህን ይመሰክራል። የማግኒዚየም ዱቄት ፍላሽ ጀርመን ውስጥ በ1887 እ.ኤ.አ. እንደተፈለሰፈ፣ በቀጣዩ ዓመት ዴንማርክ ተወላጁ ጋዜጠኛ ጄከብ ሪስ የኒውዮርክን የድሆች ሰፈር በእሱ አነሳው። ሥራው ሰፈሮቹ እንዲሻሻሉ ረድቷል። አነሳሱ ግን በእኩለ ሌሊት ሰው የተኛበት ክፍል ገብቶ፣ ዱቄቱን አንድዶ፣ የነቁት ሰዎች ዓይናቸውን ሳያሹ መውጣት ነበር። ፊታቸው ታይቷል፤ ፈቃዳቸው አልተጠየቀም። በቆረምም እንዲሁ ነው። ኬንያዊው መሐመድ አሚን የቀረጸው ምስል ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ሲተላለፍ ዓለምን ያስደነገጡት ፊቶች ናቸው፤ የብዙዎቹን ስም ግን ያየው ሕዝብ አልሰማም። ስለዚህ ፊት ማሳየት የሥራው መጀመሪያ ነው፤ ከሰሉ ፎቶ ግን መጀመሪያውንም ይነሳል።

ጥላው የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ይህን አለመቀበል ግትርነት ነው። የተደፈረች ሴት፣ በሕግ ጥላ ሥር ያለ ሕፃን፣ ከአሠሪዎቿ አምልጣ የመጣች ልጅ፣ ስሙ ቢታወቅ ሥራውን ወይም ሕይወቱን የሚያጣ ምስክር፣ ፊታቸው መሸፈን አለበት። ብዙ ፎቶ አንሺዎች ለዚህ የሚመርጡት ያንኑ ጀምበር ነው። መስኮት ፊት ያቆሟታል ወይም ምሽት ላይ ሜዳ ይወስዷታል፤ ፊቷ ይጨልማል፤ «ተጠብቃለች» ተብሎ ይወጣል።

አልተጠበቀችም። የዛሬ ካሜራ ለዓይን ፈጽሞ ጥቁር የመሰለው ቦታ ውስጥ ብዙ ነገር ይዞ ያስቀራል። ፎቶውን ከቴሌግራም አውርዶ፣ ስልክ ላይ ባለው ተራ ማስተካከያ «ጥላ» የሚለውን ወደ ላይ የገፋ ማንኛውም ሰው ከጨለማው ውስጥ አፍንጫ፣ ከንፈር፣ አንዳንዴም ሙሉ ፊት ሊያወጣ ይችላል። ዋናው ፋይል በእጁ የገባ ሰውማ ከዚህም የጠራ ያገኛል። የመንደሯ ሰው ደግሞ ይህም አያስፈልገው፤ የሻሽ አስተሳሰሯንና አቋቋሟን አይቶ ያውቃታል። እንግዲህ ያ የጠቆረ ፎቶ ለማያውቋት አንባቢዎች ፊቷን ነስቶ፣ ለምትሸሸው ሰው አሳልፎ ሰጣት ማለት ነው። ከዚህ የባሰ ፎቶ የለም። መሸፈን ካስፈለገ የሚሸፍን ነገር ነው የሚደረገው። ከጀርባ ይነሳል፣ እጅ ብቻ ይነሳል፣ የምትኖርበት ክፍል ባዶውን ይነሳል፣ ልብሱም ይቀየራል። የፎቶው ብርሃን ምንም ይሁን ምን ሊገለጥ የማይችል ነገር እነዚህ ናቸው። ማሳየት ካስፈለገ ደግሞ ይበራ። የአመሻሹ ከሰል ሁለቱንም ጀምሮ ሁለቱንም የተወ ነው።

ፍላሹ ከቦርሳ መውጣት የሌለበት ቦታም ጥቂት አይደለም። ለቅሶ ላይ፣ በቅዳሴ ሰዓት፣ በአሮጌ የግድግዳ ሥዕል ፊት አይተኮስም። ወታደር ባለበት ኬላ አጠገብ ምሽት ላይ ብልጭታ ምን ሊመስል እንደሚችል ለማሰብ ብዙ ልምድ አይጠይቅም። ግርግር ውስጥ ያለ ጋዜጠኛም ፍላሽ ተኮሰ ማለት የቆመበትን ቦታ በራሱ እጅ አመለከተ ማለት ነው። በደቡብ ኦሞ ገበያዎች በየፊቱ ፍላሽ እየረጨ በፎቶ ቁጥር የሚከፍለው ቱሪስት ደግሞ ፊት የሚነሳበት ሌላ መንገድ ነው፤ እዚያ ብርሃን ሞልቷል፣ የጎደለው ሰላምታ ነው።

ጉዳዩ ፎቶ አንሺዎቹ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። ከሰሉን የሚመርጡት አርታዒዎች ናቸው። ሁለት ፎቶ ቀርቦላቸው፣ አንዱ ላይ ሴትየዋ ፊቷ በርቶ ቀጥታ ካሜራውን እያየች፣ ሌላው ላይ ጥቁር ቅርጽ ሆና ሰማዩ ነድዶ፣ ሽፋን የሚሆነው ሁለተኛው ነው። ምክንያቱ አይነገርም እንጂ ይታወቃል። የምታይ ሴት ጥያቄ ታስነሳለች። ደስ ብሏት ከሆነ «ችግረኛ አትመስልም» ይባላል፤ ከፍቷት ከሆነ «በጣም ከባድ ነው» ይባላል። ጥላው ለማንም አያስቸግርም። ለድርቅም ይሆናል፣ ለተስፋም ይሆናል፣ ለሴቶች ቀንም ይሆናል፤ ዘንድሮ ወጥቶ ለከርሞም ይሆናል። ከሥሩ የሚጻፈውም መግለጫ ያው ነው፦ «አንዲት እናት ውሃ ቀድታ ስትመለስ»። ፊት የሌለው ሰው ስም አይጠየቅለትም። ፊቷ የበራ እንደሆነ ግን አርታዒው ራሱ፣ ሳያስበው፣ «ማን ትባላለች?» ብሎ ይጠይቃል። ፎቶ አንሺው ሁለት ሜትር ቀርቦ ከነበረ መልሱን ይዟል።

ሰዓቱ አጭር ነው። አገሪቱ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ጀምበር በቁሟ ነው የምትወርደው። አዲስ አበባ ላይ በክረምትም በበጋም የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው፤ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ቀለሙን ይዞ የሚቆየው 20 ደቂቃ ገደማ ነው። በስዊድን በጋ እንደሚሆነው ሰዓታት የሚጎተት ምሽት እዚህ የለም። በ20 ደቂቃ ውስጥ መተዋወቅም፣ ማስፈቀድም፣ ነጠላ መወጠርም አይቻልም። በዚህ ሥራ የበረቱት የሚመጡት ገና 11 ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣሉ፣ ቡና ከቀረበም ይጠጣሉ። ጀምበሯ ወደ ጫፍ ስትደርስ ስሙ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ሰፍሯል፤ የቀረው ፍላሹን ከጎን የሚይዝ ልጅ ማግኘት ነው፣ እሱም በየመንደሩ አይጠፋም።